የዓይን ውስጥ ኢንፌክሽን ድንገተኛ ሕክምና፦ እናቴ በአዲስ አበባ ስላገኘችው አገልግሎት የቀረበ ግምገማ

ይህ ግምገማ የሚመለከተው በአዲስ አበባ የሚገኝ አንድ መንግሥታዊ የሪፈራል ሆስፒታል፣ ባክቴሪያ ወደ ዓይናቸው ውስጥ ለገባባቸው ሕሙማን የሚሰጠውን የድንገተኛ ሕክምና አገልግሎት ነው። እናቴ በአንድ የግል ክሊኒክ የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ሳምንት ሳይሞላ በዚያው ዓይኗ ውስጥ ኢንፌክሽን ስለተነሣ፣ ክሊኒኩንም ሆስፒታሉንም ከቅርብ ለማየት ተገድጃለሁ። ሁለቱንም በስም አልጠራም፤ የምጽፈው ማንኛውም ቤተሰብ የዓይን ሕክምና ተቋም ሲመርጥ ምን ምን መመልከት እንዳለበት እንዲያውቅ ነው። ፍርዴን ከወዲሁ ለመናገር ያህል፣ የሆስፒታሉ ሐኪሞችና ነርሶች ከልብ የሚመሰገኑ ናቸው፤ የመድኃኒት አቅርቦቱ ግን የሚያሳዝን ነው፤ ክሊኒኩ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚያደርገውን ክትትል ደግሞ ለማንም አልመክርም። መለኪያዬም አንድ ነው፦ የታመመው ዓይን የሕክምና ተቋሙን በር ከረገጠበት ሰዓት አንሥቶ መድኃኒቱ ዓይን ውስጥ እስከተወጋበት ሰዓት ድረስ ምን ያህል ጊዜ ባከነ?

ይህን መለኪያ የመረጥሁት የሕመሙ ጠባይ ስለሚያስገድድ ነው። ከዓይናችን ሌንስ በስተኋላ ያለው ክፍል የጥሬ እንቁላል ነጭ በሚመስል ጥርት ያለና ዝልግልግ ነገር የተሞላ ሲሆን፣ መጠኑ 4 ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ ነው። ይህ ዝልግልግ ነገር የራሱ የደም ሥር የለውም፤ በዙሪያው ያሉት የደም ሥሮችም በደም የሚዘዋወረውን ነገር ሁሉ እንዳገኙ የሚያሳልፉ አይደሉም። ስለዚህ ባክቴሪያ አንድ ጊዜ ከገባ፣ በአፍ የሚዋጥም ሆነ በክንድ የሚሰጥ መድኃኒት በበቂ መጠን ሊደርስበት ያስቸግራል፤ በላይ በላዩ የሚንጠባጠብ የዓይን ጠብታም ወደዚያ ጥልቀት በቂ ሆኖ አይዘልቅም። በዚህ መካከል ባክቴሪያው እየተራባ፣ እሱን ለመዋጋት የሚመጡት ነጭ የደም ሴሎችም መግል እየሆኑ፣ ብርሃን የሚቀበለውን ስስ ሽፋን፣ ሬቲናን፣ ያበላሹታል። ከሬቲና የሞተው ክፍል ደግሞ መልሶ አይተካም። መርፌው በቀጥታ ወደ ዓይን ውስጥ መወጋት ያለበትም፣ ነገ ሳይሆን ዛሬ መወጋት ያለበትም በዚህ ምክንያት ነው።

ከዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና በኋላ ለሚመጣው ኢንፌክሽን በብዛት ምክንያት የሚሆነው በታማሚው በራሱ ቆዳና ሽፋሽፍት ላይ የሚኖር፣ ስታፊሎኮከስ ኤፒደርሚዲስ የሚባል ባክቴሪያ ነው። ከዚህ ይልቅ የከፉት ስትሬፕቶኮከስና ስታፊሎኮከስ ኦውሬውስ ሲሆኑ፣ ሕክምናው ፈጥኖ ቢደርስ እንኳ ብዙ ጊዜ የማየት ኃይልን ይዘው ይሄዳሉ። ሕመሙ በጥሩ ማዕከላት ከ1000 ቀዶ ሕክምናዎች ውስጥ ከአንድ ባነሰ ጊዜ የሚከሠት ነው። ይህ ትንሽ ቁጥር ብዙዎችን ያዘናጋል። በአገራችን ግን፣ እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት መሠረት ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ በዓይን ሞራ ምክንያት የመጣ በመሆኑና ይህንንም ለመቀነስ በየዓመቱ በዘመቻም በመደበኛም እጅግ ብዙ ሰው ቀዶ ሕክምና ስለሚደረግለት፣ ትንሿ ድርሻ የብዙ ቤተሰብ ጉዳይ ትሆናለች።

ምልክቶቹ ለሚያውቃቸው ግልጽ ናቸው። ከቀዶ ሕክምናው ማግስት ጀምሮ እየጠራ የመጣው እይታ በድንገት ይደበዝዛል፤ ዓይኑ ይቀላል፤ ሽፋኑ ያብጣል፤ ውስጥ ውስጡን የሚጠዘጥዝ ሕመም ይሰማል። ከሁሉም የሚበልጠው ምልክት የእይታው ወደ ኋላ መመለስ ነው፤ ምክንያቱም ሕመም የማይሰማቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1995 ውጤቱ በታተመው ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ውስጥ ከተካተቱት 420 ሕሙማን ሩብ ያህሉ ሕመም አልነበራቸውም። «ካላመመ ደህና ነው» ብሎ መተኛት በዚህ በሽታ አይሠራም። በእኛ ቤት የእናቴን ዓይን መቅላት ያዩ ጎረቤቶች፣ ከፍቅር የተነሣ፣ ምች መትቷት ይሆናል ብለው ዳማከሴ ይዘው መጥተው ነበር፤ ሌላ ዘመድ ደግሞ ቤቱ የተረፈ የቴትራሳይክሊን ቅባት አቀረበ። ቀዶ ሕክምና በተደረገለት ዓይን ላይ ቅጠልም፣ ያልታዘዘ ቅባትም፣ ውኃም፣ ጠበልም ቢሆን ሐኪም እስኪፈቅድ ድረስ መግባት የለበትም። ይህን ስል ማንንም ለመንቀፍ አይደለም፤ ከክሊኒኩ ሲያሰናብቱን ይህን አስረግጦ የነገረን ሰው ስላልነበረ እንጂ።

ወደ ክሊኒኩ ልለፍ። ቀዶ ሕክምናው ራሱ በሥርዓት የተከናወነ ይመስለኛል፤ እናቴም በማግስቱ ፋሻው ሲነሣ የግድግዳውን ሰዓት አንብባ ነበር። ኢንፌክሽን በጥንቃቄ በሚሠራ ሐኪም እጅ ላይም ሊደርስ ስለሚችል፣ መድረሱን ብቻ ይዤ ክሊኒኩን አልወቅስም። የምወቅሰው ከዚያ በኋላ ባለው ነገር ነው። ሲያሰናብቱን የሰጡን ወረቀት የጠብታዎቹን ስምና የሚቀጥለውን ቀጠሮ እንጂ የአደጋ ምልክቶችን አይዘረዝርም፤ «እንዲህ ካዩ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት ይምጡ» የሚል አንድ መሥመር የለበትም። እይታዋ መደብዘዝ የጀመረው ቅዳሜ ማታ ሲሆን በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ስልክ አልተነሣም። እሑድ ጠዋት በአካል ስንሄድ ጥበቃው በትሕትና ያነጋገረን ቢሆንም፣ ሊነግረን የቻለው ሐኪሞቹ ሰኞ እንደሚገቡ ብቻ ነው። ሰውን ቀዶ ሕክምና አድርጎ የሚያሰናብት ተቋም ቅዳሜና እሑድ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ስልክ የሚያነሣ አንድ ተረኛ ሊኖረው ግድ ይላል። ሐኪሙ ራሱ ባይሆን እንኳ «ዛሬውኑ ሪፈራል ሆስፒታል ይውሰዷት» የሚል አንድ የሠለጠነ ነርስ በቂ ነበር።

ሆስፒታሉ ስንደርስ ነገሩ ሌላ ሆነ። የድንገተኛ ክፍሉ በር ላይ የነበረችው ነርስ «የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና፣ አሁን እይታ ቀነሰ» የሚለውን ቃል እንደሰማች ካርድ እስኪወጣ አላስጠበቀችንም፤ እኔን ወደ ካርድ ክፍል ልካ እናቴን ወደ ውስጥ አስገባቻት። ይህች ውሳኔ በእኔ ግምት ከሁሉ የበለጠች የአገልግሎቱ ክፍል ናት። በብዙ ተቋማት ሕመምተኛው ወረፋ የሚይዘው በደረሰበት ቅደም ተከተል ስለሆነ፣ ዓይኑ ቀልቶ የሚያሳክከው ሰውና ዓይኑ ውስጥ መግል የቋጠረው ሰው በአንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይውላሉ።

ተረኛው ሬዚደንት ወጣት ቢሆንም አሠራሩ የተረጋጋ ነበር። ፊደል የተጻፈበትን ሰሌዳ ማንበብ ሲያቅታት ጣቶቹን አሳያት፤ እነሱንም መቁጠር ሲያቅታት እጁን በዓይኗ ፊት እያወዛወዘ «እማማ፣ እጄ ሲንቀሳቀስ ይታይዎታል?» አላት። «ይታየኛል ልጄ፣ ግን እንደ ጥላ ነው» ስትል ያንን በጥንቃቄ ጻፈ። ያን ጊዜ ለምን ያን ያህል እንደተጨነቀበት አልገባኝም ነበር፤ በኋላ ሲያስረዳኝ ግን የሕክምናው መንገድ የሚለየው በዚህች መልስ እንደሆነ ተረዳሁ። ከላይ የጠቀስኩት የ1995ቱ ጥናት ያስተማረው፣ የእጅ እንቅስቃሴ ወይም ከዚያ የተሻለ ማየት ለሚችል ሕመምተኛ ከዓይን ውስጥ ናሙና ቀድቶ ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት መውጋት፣ ዝልግልጉን በሙሉ በቀዶ ሕክምና ጠርጎ ከማውጣት ጋር ተመሳሳይ ውጤት እንዳለው ነው። ብርሃንና ጨለማን ብቻ ለሚለይ ዓይን ግን የጠረጋው ቀዶ ሕክምና በግልጽ ይበልጣል፤ በጥናቱ ጥሩ እይታ ይዘው የቀሩት ሕሙማን በቀዶ ሕክምናው ቡድን 33 ከመቶ፣ በመርፌ ብቻ ከታከሙት ደግሞ 11 ከመቶ ነበሩ። ጥናቱ የተሠራው ከዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና በኋላ በታመሙ ሰዎች ላይ መሆኑንና በአደጋ ወይም በሌላ መንገድ ለመጣ ኢንፌክሽን እንዳለ ሊገለበጥ እንደማይገባው ሐኪሙ ሳልጠይቀው ጨመረልኝ። ለአስታማሚ እንዲህ ጊዜ ሰጥቶ የሚያስረዳ ሐኪም ማግኘት ትልቅ ነገር ነው።

የአገልግሎቱ ደካማ ጎን የታየው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ለመርፌው የሚያስፈልጉት ሁለቱ መድኃኒቶች፣ ቫንኮማይሲንና ሴፍታዚዲም፣ በሆስፒታሉ ፋርማሲ አልነበሩም፤ ማዘዣው ተጽፎልኝ ወደ ውጭ ወጣሁ። እሑድ ስለነበር አብዛኞቹ መድኃኒት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ክፍት የነበሩትም አንደኛውን ቢይዙ ሌላውን አልያዙም። ለአንድ ዓይን የሚበቃው ቫንኮማይሲን 1 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ሴፍታዚዲም ደግሞ 2.25 ሚሊ ግራም ነው። አንዱ የቫንኮማይሲን ብልቃጥ ግን 500 ሚሊ ግራም ይይዛል። ጥቂት ብልቃጦች በድንገተኛ ክፍሉ ቁም ሣጥን ውስጥ ቢቀመጡ ለብዙ ሕሙማን የመጀመሪያ ሰዓት በበቁ ነበር። ሐኪሙ ዝግጁ፣ ክፍሉ ዝግጁ፣ ታማሚዋ አልጋ ላይ ተኝታ ሳለ በሁለት ብልቃጥ ምክንያት የቆመው ሕክምና በጣም አስቆጥቶኛል፤ ዛሬም ሳስበው ያስቆጣኛል። መኪና የሌለው፣ ከተማውን የማያውቅ፣ ከክፍለ ሀገር የመጣ አስታማሚ ይህን እንዴት ይወጣዋል? የሆስፒታሉ አስተዳደር ይህን ጽሑፍ ቢያነብ ሌላውን ሁሉ ትቶ ይህን አንድ ነገር እንዲያስተካክል እለምናለሁ።

መድኃኒቱን ይዤ ስመለስ ሲስተሯ ስታዘጋጀው በበሩ መስታወት አየሁ። የቫንኮማይሲኑን ዱቄት በ10 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ አሟሟችው፤ ከዚያ ላይ 1 ሚሊ ሊትር ብቻ ቀድታ እንደገና በ4 ሚሊ ሊትር አቀጠነችው። ከዚህ ከቀጠነው የሚወጋው 0.1 ሚሊ ሊትር ነው። እያንዳንዱን ቁጥር ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትናገር ሬዚደንቱ እየደገመ ያረጋግጥላት ነበር። ሁለቱ መድኃኒቶች በአንድ ሲሪንጅ ውስጥ ቢገናኙ ስለሚረጉ በየራሳቸው ሲሪንጅ ተቀዱ፤ በየላያቸውም በፕላስተር ስማቸው ተጻፈ። ይህ ጥንቃቄ ከንቱ ሥርዓት አይደለም። ቀደም ባለው ዘመን ለዚህ ሕክምና በሰፊው ያገለግል የነበረው ጄንታሚሲን መጠኑ ትንሽ ሲያልፍ የሬቲናን ማዕከል የሚገድል መሆኑ ከታወቀ በኋላ፣ ሐኪሞች ሬቲናን እምብዛም ወደማይጎዱት መድኃኒቶች ዞረዋል። ዓይን ውስጥ በሚገባ መድኃኒት ላይ የአንድ ዜሮ ስህተት ኢንፌክሽኑ ሊያደርስ ከነበረው ጉዳት አያንስም።

መርፌው ራሱ አጭር ነበር። ዓይኗ በጠብታና በመርፌ ከደነዘዘ በኋላ በአዮዲን ታጠበ፤ ከጥቁሩ ክፍል ጠርዝ 3.5 ሚሊ ሜትር ያህል ርቆ በነጩ ላይ ቀጭን መርፌ ገብቶ መጀመሪያ ለላቦራቶሪ ናሙና ተቀዳ፤ ከዚያም ሁለቱ መድኃኒቶች ተራ በተራ ገቡ። «ዓይን ይወጋል» ሲባል የሚደነግጡ ብዙዎች ናቸው፤ እናቴም ልቧ ርዶ ነበር። ስትወጣ ግን የነገረችኝ ግፊት እንደተሰማትና ማታውን ሙሉ ካሠቃያት የውስጥ ጥዝጣዜ ጋር የሚወዳደር ሕመም እንዳልነበረው ነው። መርፌውን ፈርቶ ሕክምናውን የሚያዘገይ ሰው ካለ ይህን ቃሏን እንዲሰማ እፈልጋለሁ።

ላቦራቶሪው የአገልግሎቱ መካከለኛ ክፍል ነው። የናሙናው ውጤት ዘግይቶ የመጣ ሲሆን፣ ሲመጣም ምንም ባክቴሪያ እንዳልበቀለ የሚገልጽ ነበር። ይህ በራሱ የላቦራቶሪው ጉድለት ነው አልልም፤ በዓለም ትልልቅ ማዕከላትም ከናሙናዎቹ ሦስተኛው ያህሉ ምንም አያበቅሉም። ቅር ያሰኘኝ ውጤቱን ለማግኘት አስታማሚው ራሱ በወረቀት እየተመላለሰ መጠየቅ ያለበት መሆኑ ነው። ውጤቱ ከላቦራቶሪ ወደ ዓይን ክፍል በቀጥታ ቢደርስ፣ ሐኪሙ መድኃኒት መለወጥ ሲያስፈልገው አንድ ቀን ይተርፍለታል።

የተኛችበት ክፍል ጠባብ ቢሆንም ንጹሕ ነበር። ነርሶቹ ጠብታውን ሌሊትም ሰዓቱን ጠብቀው ያደርጉላት ነበር፤ «አይዞዎት እናቴ፣ ዛሬ ከትናንት ይሻላል» የምትለዋን አንዲት ሲስተር እናቴ እስካሁን በጸሎቷ ታስባታለች። በ48 ሰዓት ገደማ ስፔሻሊስቷ ራሷ መጥታ፣ መግሉ እየሟሸሸ መሆኑን በመሣሪያው አይታ፣ በአልትራሳውንድም ሬቲናው እንዳልተላቀቀ አረጋግጣ፣ ሁለተኛ መርፌ እንደማያስፈልግ ወሰነች። መሻሻል ባይኖር ኖሮ መርፌው የሚደገመው ወይም ወደ ጠረጋው ቀዶ ሕክምና የሚገባው በዚህን ጊዜ ነው።

በዚያው ክፍል እንጨት ሲፈለጥ ስንጥር ዓይኑን የወጋው አንድ ልጅ ነበር። አፈር የነካው እንጨት ወይም እሾህ ዓይንን ሲበሳ ይዞት ሊገባ የሚችለው ባሲለስ ሴሪየስ የሚባል ባክቴሪያ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ዓይንን ጨርሶ ሊያጠፋ ይችላል። የልጁ ቤተሰብ ያመጡት ከሩቅ ገጠር ሲሆን፣ በመንገድ ላይ ያለፉባቸው ጤና ተቋማት ሁሉ ቅባት ብቻ እየሰጡ ልከዋቸዋል። ሐኪሞቹ ለእሱ ያላደረጉት ጥረት አልነበረም። ዓይን የበሳ አደጋ ያጋጠመው ሰው፣ በተለይም ልጅ፣ ዓይኑ ሳይታሽ፣ ሳይጨመቅና ምንም ሳይቀባ፣ እንዳይነካ በሚከላከል ጠንካራ ነገር ተሸፍኖ በዚያው ቀን የዓይን ሐኪም ጋ መድረስ አለበት።

ለቀዶ ሕክምና የሚዘጋጁ ሰዎች ተቋሙን አስቀድመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች እንዳሉም ከዚህ ተምሬያለሁ። አንደኛው፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ዓይኑ በ5 ከመቶ ፖቪዶን አዮዲን ይታጠባል ወይ የሚለው ነው፤ ርካሽና በየትም የሚገኝ ነገር ቢሆንም መከላከያነቱ የተመሰከረለት ነው። ሌላው፣ በቀዶ ሕክምናው ማብቂያ ላይ ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት ዓይን ውስጥ ይጨመራል ወይ የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የአውሮፓ ጥናት 1 ሚሊ ግራም ሴፉሮክሲም በዚህ መንገድ መስጠት ኢንፌክሽኑን በአምስት እጥፍ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ የሕንዱ አራቪንድ የዓይን ሆስፒታል ደግሞ ከ600 ሺህ በላይ ዓይኖችን ቆጥሮ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ሪፖርት፣ ሞክሲፍሎክሳሲን መስጠት ከጀመረ ወዲህ ኢንፌክሽኑ ከ0.07 ከመቶ ወደ 0.02 ከመቶ መውረዱን ገልጿል። አራቪንድ በብዛት ድሆችን የሚያክም ተቋም ስለሆነ፣ ይህ ለሀብታም አገር ብቻ የሚሆን ቅንጦት ነው ማለት አይቻልም። ሦስተኛው ጥያቄ፣ እሑድ ሌሊት ዓይኔ ቢደበዝዝ ማን ስልክ ያነሣል የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ ስምና ቁጥር መስጠት ያልቻለ ክሊኒክ፣ መሣሪያው ምንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን፣ የራሴን ሰው አልሰጠውም።

የእናቴ እይታ ዛሬ ከሕመሙ በፊት በነበረበት ደረጃ ላይ አይደለም፤ ነገር ግን ሰው ለይታ ሰላም ትላለች፣ ደረጃ ያለ ደጋፊ ትወርዳለች፣ ዳዊቷንም በትልልቅ ፊደል ከታተመው ላይ ትደግማለች። በ1995ቱ ጥናት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሕሙማን ጥሩ እይታ መልሰው ማግኘታቸውን ሳስብ፣ እሷም ከእነሱ የማትርቅ መሆኗ የሐኪሞቹ ፍጥነት ውጤት ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ሆስፒታሉን ለሐኪሞቹ ብቃትና ለድንገተኛ ክፍሉ አቀባበል ከአምስት አምስት፣ ለነርሶቹ እንክብካቤም አምስት፣ ለላቦራቶሪው ሦስት፣ ለመድኃኒት አቅርቦቱ አንድ እሰጠዋለሁ። ክሊኒኩን ለቀዶ ሕክምናው አራት፣ ለክትትሉ ምንም አልሰጠውም። ወደ መንግሥት ሪፈራል ሆስፒታል በዚህ ሕመም የሚሄድ ሰው የቀዶ ሕክምናውን ማስረጃና የጠብታዎቹን ብልቃጦች ይያዝ፤ በተመላላሽ ክፍሉ ሳይሆን በድንገተኛው በር ይግባ፤ ቀዶ ሕክምና እንደተደረገለትና እይታው እንደቀነሰ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይናገር፤ ቢቻል ሁለት አስታማሚዎች አብረውት ይሂዱ፣ አንዱ አጠገቡ ሲቆይ ሌላው መድኃኒት እንዲፈልግ። ከአዲስ አበባ ውጭ ላሉትም በጎንደር፣ በጅማና በሐዋሳ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች የዓይን ሕክምና ክፍሎች ስላሏቸው፣ ቀዶ ሕክምናውን ከማድረጋቸው በፊት በቅርባቸው ያለው ክፍል በሳምንቱ መጨረሻ ተረኛ የዓይን ሐኪም እንዳለው ቢያጣሩ መልካም ነው።